ጠጥቶ በመንዳት ከተፈረደ በኋላ፦ ኤፍአር-44 እና የሦስት ዓመቱ ኢንሹራንስ

ፍርድ ቤቱ አልቋል። ቅጣቱ ተከፍሏል። ጠበቃውም ሂሳቡን ተቀብሎ ተሰናብቷል። ሰውየው «በቃ፣ ተገላገልኩ» ብሎ ሳይጨርስ ከቨርጂኒያ ዲኤምቪ (መንጃ ፈቃድና የመኪና ምዝገባን ከሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት) ደብዳቤ ይመጣል። ደብዳቤው ላይ «ኤፍአር-44» የሚል ነገር ተጽፏል። ሰውየው ግራ ይገባዋል። ኢንሹራንስ አለው። በየወሩ ይከፍላል። ታዲያ ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?

አሌክሳንድሪያ፣ አርሊንግተንና ፎልስ ቸርች አካባቢ ከሚኖሩ ወገኖቻችን ይህን ጥያቄ ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው በሹክሹክታ ነው። ጠጥቶ ሲነዱ መያዝ ያሳፍራል። ሰው ለዘመድ አይናገርም፣ ጓደኛም አያማክርም። ብቻውን ይዞት ይዞራል። ብቻውን ሲይዘው ደግሞ ይሳሳታል። የኢንሹራንሱ ስህተት ከዋናው ቅጣት በላይ ሲያስከፍል ስላየሁ ነው ዛሬ በግልጽ ልጽፍበት የፈለግሁት።

የምናገረው በዋናነት ስለ ቨርጂኒያ ነው። ሕጉ በየስቴቱ ይለያያል። ሜሪላንድንና ሌሎቹን ወደ በኋላ አነሳቸዋለሁ።

አገር ቤት መኪናው፣ እዚህ ሰውየው

ግራ መጋባቱ አንድ ምክንያት አለው። እኛ ኢንሹራንስን የምናውቀው በአገር ቤት መልኩ ነው። በ2005 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 799 ማንኛውም ተሽከርካሪ የሦስተኛ ወገን መድን እንዲኖረው ያስገድዳል። ክፍያው ሲተመን የሚታየው መኪናው ነው። የቤት መኪና ነው? ሚኒባስ ነው? የጭነት ነው? ወረቀቱ መስታወቱ ላይ ይለጠፋል፣ አለቀ። ሹፌሩ ባለፈው ዓመት ምን አደረገ ብሎ የሚጠይቅ ብዙም የለም።

አሜሪካ ውስጥ ዋጋውን የሚወስነው ከመኪናው ይልቅ መሪውን የሚይዘው ሰው ነው። የኢንሹራንስ ኩባንያ አዲስ ደንበኛ ሲመጣለት የመጀመሪያ ሥራው የሰውየውን የመንዳት ሪከርድ ከዲኤምቪ ማውጣት ነው። ውሉ ሲታደስም እንዲሁ ያያል። በቨርጂኒያ ጠጥቶ መንዳት ሪከርዱ ላይ 6 የቅጣት ነጥብ ያስመዘግባል። ፍርዱ ራሱ ደግሞ ለ11 ዓመት ይቀመጣል። 11 ዓመት ረጅም ነው። ዛሬ አንደኛ ክፍል የገባ ልጅ ኮሌጅ ለመግባት እስኪዘጋጅ ማለት ነው።

ሁሉም ኩባንያ 11ዱንም ዓመት ቆጥሮ ያስከፍላል ማለት ግን አይደለም። ብዙዎቹ ዋጋ ሲያወጡ የሚያተኩሩት ባለፉት ሦስት ወይም አምስት ዓመታት ላይ ነው። እያንዳንዱ ኩባንያ የራሱ ስሌት አለው። ይህን ልብ በሉ፣ ኋላ ላይ ዋጋ ስትጠይቁ ይጠቅማችኋል።

ከመያዝ እስከ ደብዳቤው

በመጀመሪያ ጥፋት የተያዘ ሰው በትንፋሹ የተለካው የአልኮል መጠን 0.08 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ መንጃ ፈቃዱ እዚያው ለ7 ቀን ይታገዳል። ይህ ከፍርድ በፊት ነው። ከተፈረደበት ደግሞ ጥፋቱ ክላስ 1 ሚስዲሚነር ይባላል። ሚስዲሚነር ከፌሎኒ (ከከባድ ወንጀል) በታች ያለ ወንጀል ነው፣ ክላስ 1 ደግሞ ከባዱ ደረጃው ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ቢያንስ 250 ዶላር ቅጣት አለው፣ እስከ 2,500 ዶላር ሊደርስ ይችላል። መንጃ ፈቃዱ ለአንድ ዓመት ይነጠቃል። የአልኮሉ መጠን 0.15 ከደረሰ ቢያንስ 5 ቀን እስር አይቀርም። ከ0.20 ካለፈ 10 ቀን ይሆናል።

ዳኛው የተገደበ መንጃ ፈቃድ ሊፈቅድ ይችላል። ወደ ሥራ፣ ወደ ሐኪም፣ ልጅ ወደ ትምህርት ቤት ለማድረስ፣ ፍርድ ቤት የሚያዘውን የአልኮል ትምህርት ለመከታተል መንዳት ይቻላል። አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ልንገራችሁ። ሕጉ በሳምንት አንድ ቀን፣ በታወቀ ሰዓትና ቦታ፣ ወደ አምልኮ ቦታ መሄድንም ይፈቅዳል። የእሁድ ቅዳሴ ወይም የጁምዓ ሶላት የማይቀርባችሁ ከሆነ ጠበቃችሁ ይህን እንዲጠይቅላችሁ ንገሩት። ካልተጠየቀ ወረቀቱ ላይ አይሰፍርም። ወረቀቱ ላይ ያልሰፈረ መንገድ መንዳት ደግሞ ራሱን የቻለ ወንጀል ነው።

ከዚህ ጋር ኢንተርሎክ አለ። መኪናው ከመነሳቱ በፊት የሚነፋበት መሣሪያ ነው። ለመጀመሪያ ጥፋት ቢያንስ 6 ወር ይገጠማል። ትንፋሹ ከ0.02 በላይ ከሆነ መኪናው አይነሳም። መንገድ ላይም እንደገና ንፋ ይላል። በዋንጫም ሆነ በብርሌ የተጠጣ ጠላና ጠጅ ያው አልኮል ነው፤ መሣሪያው የባህል መጠጥ ብሎ አይለይም። አልኮል ያለበት የአፍ ማጠቢያም ጠጥቷል ሊያስብል ይችላል። ውጤቱ ሁሉ ይመዘገባል፣ ይላካል።

ኢንሹራንሱ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ፍርድ ቤት ፈቀደ ማለት ዲኤምቪ ጨረሰ ማለት አይደለም። ዲኤምቪ የራሱ መስፈርቶች አሉት። ከነዚህ ትልቁ ኤፍአር-44 ነው።

ኤፍአር-44 ዋስ ነው

ብዙ ሰው ኤፍአር-44 የሚባል ለብቻው የሚገዛ ኢንሹራንስ ያለ ይመስለዋል። የለም። ኤፍአር-44 ኩባንያው ለዲኤምቪ የሚልከው የምስክር ወረቀት ነው፣ ለሦስት ዓመትም ሳይቋረጥ መቆየት አለበት።

እኔ ሁልጊዜ በዋስ ነው የማስረዳው። አገር ቤት አንድ ሰው ሲታሰር ዋስ ይጠራል። ዋሱ «ይህ ሰው በተባለው ቀን ይቀርባል፣ እኔ ነኝ ኃላፊው» ብሎ ይፈርማል። ኤፍአር-44 ላይም የኢንሹራንስ ኩባንያው ለስቴቱ እንዲሁ ይፈርማል። «ይህ ሰው ሕጉ የሚጠይቀውን ሽፋን ከእኔ ገዝቷል። ካቋረጠ ወዲያው አሳውቃለሁ» ይላል። ዋሱ ግን አዛኝ ዘመድ አይደለም። ክፍያው ሲቋረጥ ራሱ ሄዶ ይናገራል። ግዴታው ስለሆነ ነው የሚናገረው።

ወረቀቱን ለመላክ ኩባንያዎች የሚያስከፍሉት ትንሽ ነው። በአብዛኛው ከ50 ዶላር በታች ነው። ውድ የሚያደርገው ከወረቀቱ ጀርባ ያለው ሽፋን ነው።

ቁጥሮቹን ላስረዳ። ቨርጂኒያ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ማንኛውም ሰው ቢያንስ 50/100/25 የሚባለውን ሽፋን እንዲይዝ ታስገድዳለች። አደጋ ብታደርሱ ለአንድ ተጎጂ እስከ 50,000 ዶላር ይከፈላል። በዚያው አደጋ ለተጎዱት ሁሉ በድምሩ እስከ 100,000 ዶላር። ለተበላሸ ንብረት እስከ 25,000 ዶላር። ኤፍአር-44 የታዘዘበት ሰው ይህንን በእጥፍ መያዝ አለበት። 100/200/50 ማለት ነው።

ኢንተርኔት ላይ 60/120/40 የሚል ብታገኙ ያ የቆየ ነው። ዝቅተኛው ሽፋን 30/60/20 በነበረበት ጊዜ የተጻፈ ነው። ከ2025 በፊት ያለፈበት ጓደኛ የሚሰጣችሁ ምክርም በዚህ በኩል ሊያሳስታችሁ ይችላል። በቅንነት ነው የሚነግራችሁ፣ ቁጥሩ ግን ተቀይሯል።

ለምን እጥፍ ሆነ? ይህን ሕግ ቅጣት ብቻ አድርጎ ማየት ልክ አይመስለኝም። በ2023 አሜሪካ ውስጥ ጠጥተው በሚነዱ ሰዎች ምክንያት በደረሱ አደጋዎች 12,429 ሰው ሞቷል። በየ42 ደቂቃው አንድ ሰው ማለት ነው። ከሞት የተረፈ ሰው ደግሞ ሆስፒታል ይተኛል። እዚህ አገር የአንድ ቀዶ ሕክምና ሂሳብ ስንት እንደሚመጣ የታመመ ያውቀዋል። 50,000 ዶላር በሁለት ሦስት ቀን ያልቃል። ስቴቱ የሚለው «አንድ ጊዜ ይህን አደጋ ወደ መንገድ ካመጣህ፣ ቀጣዩ ተጎጂ ባዶ እጁን እንዳይቀር ከፍ ያለ ሽፋን ያዝ» ነው። ያ ተጎጂ ከምሽት ፈረቃ ወደ ቤቷ የምትሄድ የእኛው እህት ልትሆን ትችላለች።

ዋጋው እንዴት እንደሚቆለል

ክፍያው ለምን እንዲህ ጨመረ የሚለው ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ነው። ሦስት ነገር አንዱ በአንዱ ላይ ስለሚቆለል ነው። መጀመሪያ፣ ጥሩ አሽከርካሪ ተብሎ ሲሰጥ የነበረው ቅናሽ ይጠፋል። ቀጥሎ፣ በፍርዱ ምክንያት ሰውየው «አደገኛ» ወደሚባለው መደብ ይዛወርና መነሻ ዋጋው ይወጣል። በላዩ ላይ ደግሞ ሽፋኑ እጥፍ ይሆናል። ደስ የሚለው፣ ሽፋን እጥፍ ሲሆን ዋጋው የግድ እጥፍ አይሆንም። ትልቁን ጭማሪ የሚያመጣው ፍርዱ ነው።

ቅናሽ የሚገኘው የት ነው? ኤፍአር-44 የሚጠይቀው ለሌላ ሰው ጉዳት የሚከፈለውን ሽፋን ብቻ ነው። የራሳችሁን መኪና ማሠሪያ አይጠይቅም። መኪናው ያረጀና ዕዳ የሌለበት ከሆነ «ፉል ከቨር» የምንለውን ትቶ በሊያቢሊቲ ብቻ መሄድ ወርሃዊ ክፍያውን በጣም ያቀልላል። መኪናው በባንክ ብድር የተገዛ ከሆነ ግን ይህ አይሆንም። ባንኩ ሙሉ ሽፋን ይጠይቃል። ካጠፋችሁት ባንኩ ራሱ ኢንሹራንስ ገዝቶ ዕዳችሁ ላይ ይደምረዋል። እሱ ደግሞ ውድ ነው፣ የሚጠብቀውም ባንኩን ነው። እንዲህ ከሆነ ዲዳክቲብሉን (አደጋ ሲደርስ መጀመሪያ ከኪሳችሁ የምትከፍሉትን) ከፍ ማድረግ ይሻላል። ውድ መኪና ሸጦ ርካሽ ገዝቶ ሦስቱን ዓመት ያለፈ ሰው አውቃለሁ። በእኔ ግምት ከሁሉም የተሻለ ያደረገው እሱ ነው።

ስልክ ከማንሳት በፊት

አሁን ያላችሁ ኩባንያ ምን ያደርጋል? በቨርጂኒያ ውሉ 60 ቀን ካለፈው ኩባንያው እንዳሻው መሃል ላይ ሊሰርዘው አይችልም። ክፍያ ካልተከፈለ ይሰርዛል። መንጃ ፈቃድ ከታገደ ወይም ከተነጠቀም ይሰርዛል። ጠጥቶ በመንዳት የተፈረደበት ሰው መንጃ ፈቃዱ ስለሚነጠቅ በሁለተኛው በር ሊያስወጣው ይችላል ማለት ነው። አንዳንዱ ወዲያው አይሰርዝም፣ የእድሳቱን ቀን ይጠብቅና አላድስም ይላል። በሁለቱም መንገድ የ45 ቀን ማስታወቂያ መላክ አለበት። ባለመክፈል ሲሆን ግን 15 ቀን ብቻ ነው።

ስለዚህ ፖስታችሁን ክፈቱ። አድራሻ ከቀየራችሁ ለኩባንያውም ለዲኤምቪም አስታውቁ። ብዙ ነገር የሚበላሸው ያልተከፈተ ፖስታ ውስጥ ነው።

ሁሉም ኩባንያ ኤፍአር-44 አይልክም። ኤፍአር-44 የምትጠይቀው ቨርጂኒያና ፍሎሪዳ ብቻ ስለሆኑ በሌላ ስቴት ያለ የስልክ ሠራተኛ ስሙን እንኳ ላያውቀው ይችላል። እንደ ዘ ጄነራልና ዴሪላንድ ያሉ ሪከርዳቸው የተበላሸ ሰዎችን በማስተናገድ የሚታወቁ ኩባንያዎች አሉ። ትልልቆቹም ውስጥ የሚቀበል አለ። እንዲህ ባለ ጊዜ የምመክረው ለብዙ ኩባንያ የሚሠራ ነጻ ብሮከር ዘንድ መሄድ ነው። አንድ ኩባንያ ብቻ የሚሸጥ ኤጀንት «አንቀበልም» ካለ በሩ ተዘጋ። ብሮከሩ ግን በአንድ ጊዜ ከአምስት ስድስት ኩባንያ ዋጋ ያመጣል። በዲሲ አካባቢ አማርኛ የሚናገሩ ብሮከሮች አይጠፉም። ቋንቋው ብቻ ሳይሆን ችግሩን ደጋግመው ያዩት ስለሆነ ይቀላል።

ስትደውሉ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገራችሁ «ቨርጂኒያ ውስጥ ኤፍአር-44 ያስፈልገኛል፣ ትልካላችሁ ወይ?» ይሁን። ይህን ሳይጠይቁ አርባ ደቂቃ መረጃ ሰጥተው መጨረሻ ላይ «አንልክም» የተባሉ አሉ። ከዚያ ቀጥሎ ወረቀቱ በስንት ቀን ለዲኤምቪ እንደሚደርስ ጠይቁ። የስድስት ወሩን በአንድ ጊዜ ክፈሉ ይላሉ ወይስ በወር ይከፈላል? አንዳንድ ኩባንያ ሙሉውን በቅድሚያ ይፈልጋል። ከበድ ቢልም፣ መክፈል የሚችል ሰው ቢከፍል እወዳለሁ። ምክንያቱን አሁን እነግራችኋለሁ።

የሚጥለው ክፍተቱ ነው

በፓርኪንግ ሥራ የሚተዳደር የማውቀው ሰው አለ። ተፈረደበት፣ ትምህርቱን ጨረሰ፣ ኢንተርሎኩን አስነቀለ። ኤፍአር-44 ያለው ኢንሹራንስ በየወሩ ከባንክ ካርዱ ራሱ ይቆረጥ ነበር። አንድ ዓመት ከመንፈቅ ያህል በሰላም ሄደ። ከዚያ ካርዱ ጠፋበትና ባንኩ አዲስ ሰጠው። አዲሱን የካርድ ቁጥር ለኢንሹራንሱ መስጠት ረሳ። ማስታወቂያው የሄደው ወደ ቀድሞው አፓርትመንቱ ነው። ውሉ ተሰረዘ። ኩባንያው ለዲኤምቪ አስታወቀ። መንጃ ፈቃዱ ታገደ። ሰውየው ምንም አያውቅም፣ ሥራ እየሄደ ነው። የኋላ መብራቱ አንዱ ጠፍቶ ፖሊስ አስቆመው። ፖሊሱ ኮምፒውተሩን አየ።

በታገደ ፈቃድ መንዳት ተብሎ እንደገና ፍርድ ቤት ቆመ። እንደገና ጠበቃ፣ እንደገና ለዲኤምቪ የመመለሻ ክፍያ፣ እንደገና ኤፍአር-44። አዲሱ ኢንሹራንስ ከቀድሞው በጣም ጨመረ። ኩባንያዎች መቋረጥን በጣም ይፈራሉ። በዚህ ሁሉ ውስጥ አንዲት ጠብታ አልጠጣም። ይህን ሲነግረኝ ያለቀሰው ለገንዘቡ አልነበረም፤ «ያንን ሕይወት ትቼው ነበር እኮ» ነበር የሚለው።

ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ ክፍተት እንዳይኖር። ኩባንያ ስትቀይሩ አዲሱ ኤፍአር-44 ዲኤምቪ መድረሱን ሳታረጋግጡ አሮጌውን አትሰርዙ። ለጥቂት ቀን ሁለት ቦታ መክፈል ያናድዳል። ቢሆንም ክፈሉት። ስልካችሁ ላይ የክፍያውን ቀን አስታዋሽ አድርጉ። ለምታምኑት አንድ ሰውም ንገሩ፣ እሱም ያስታውሳችሁ።

መኪናዬን ሸጬ በአውቶቡስና በሜትሮ እሄዳለሁ የሚልም አለ። ጥሩ ሐሳብ ነው። መንጃ ፈቃዱን መልሶ ማግኘት የሚፈልግ ከሆነ ግን መኪና ባይኖረውም ኤፍአር-44 ይጠየቃል። ለዚህ መኪና ለሌላቸው ሰዎች የሚሸጥ ውል አለ። ከመኪናው ጋር ሳይሆን ከሰውየው ጋር የሚሄድ ነው። አልፎ አልፎ የሰው መኪና ሲነዳ ይሸፍነዋል። ከመደበኛው ይረክሳል። ቤት ውስጥ የሚስት ወይም የወንድም መኪና ካለና ዘወትር የሚነዳ ከሆነ ግን ይህ ውል አይሆንለትም።

መኪናውን በሚስቴ ስም ባዛውረውስ?

ይህን የማይጠይቅ የለም። መልሱን በግልጽ ልናገር። ኩባንያው አንድ ቤት ውስጥ የሚኖሩ፣ መንዳት የሚችሉ ሰዎችን ሁሉ ይጠይቃል። ባል የለኝም፣ ወይም አለ ግን አይነዳም ብላ የፈረመች ሚስት ውሸት ፈርማለች። ባልየው መኪናዋን ይዞ አደጋ ቢያደርስ ኩባንያው ውሉን ሊያፈርሰው ይችላል። ከዚያ ተጎጂው የሚከሰው እነሱን ነው። ቤት ካላቸው ቤታቸው፣ ደሞዝ ካላቸው ደሞዛቸው። ሰውየው የራሱን ስህተት ሚስቱ ላይ ጫነው ማለት ነው። ሜሪላንድ እየኖሩ የቨርጂኒያ ዘመድ አድራሻ መስጠትም እንደዚሁ ነው። ተጋቢዎች ሁለቱም ሆነው ብሮከሩ ፊት ቁጭ ብለው እውነቱን ቢናገሩ ይሻላል። አንዳንዴ ሁለት የተለያየ ውል መያዝ ለቤቱ ይረክሳል፣ አንዳንዴ አንድ ላይ መሆኑ። ቁጥሩን አስልቶ የሚያሳያችሁ እሱ ነው።

ያለ ኢንሹራንስ መቆየትም አይሆንም። ቨርጂኒያ ድሮ ለስቴቱ 500 ዶላር ከፍሎ ያለ ኢንሹራንስ መንዳት ይፈቀድባት ነበር። ከጁላይ 1 ቀን 2024 ጀምሮ ያ በር ተዘግቷል።

የትም የሚቀበለኝ አጣሁ ለሚል የመጨረሻ በር አለ። የቨርጂኒያ አውቶሞቢል ኢንሹራንስ ፕላን ይባላል። በመደበኛው ገበያ ያጣን ሰው ለኩባንያዎች በድልድል ይመድባል፣ የተመደበበት ኩባንያ ይቀበለዋል። በማንኛውም ፈቃድ ያለው ኤጀንት በኩል ይጠየቃል። ርካሽ አይደለም፣ ግን በር ነው። ኩባንያው ያለ ማስታወቂያ ሰረዘኝ ወይም በደል ደረሰብኝ የሚል ደግሞ ሪችመንድ ለሚገኘው የስቴቱ ኢንሹራንስ ቢሮ አቤት ማለት ይችላል። ነጻ ነው።

ከቨርጂኒያ ውጭ

አብዛኛው ስቴት የሚጠይቀው ኤስአር-22 ነው። አሠራሩ ያው የዋስ ወረቀት ነው። ልዩነቱ፣ እንደ ኤፍአር-44 ሽፋኑን በእጥፍ አያስገድድም። ካሊፎርኒያ ኤስአር-22 ትጠይቃለች፣ በተጨማሪም የተፈረደበት ሰው ለ10 ዓመት የጥሩ አሽከርካሪ ቅናሽ አያገኝም። ኒውዮርክና ፔንስልቬንያ ኤስአር-22 የሚባለውን አይጠቀሙም። ፍሎሪዳ ውስጥ ኤፍአር-44 ከቨርጂኒያም ይብሳል፣ 100/300/50 ነው።

ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግና አካባቢው ለሚኖሩት፣ ዋናው የጠጥቶ መንዳት ጥፋት 12 ነጥብ ነው። መንጃ ፈቃድ ያስነጥቃል። ኢንተርሎክን ያጠበቀው ሕግ «የኖዋ ሕግ» ይባላል። በ2015 መጨረሻ ሮክቪል ውስጥ ሥራ ላይ እያለ ጠጥቶ በሚነዳ ሰው ተገጭቶ በሞተው የሞንትጎመሪ ካውንቲ ፖሊስ በኖዋ ሊዮታ ስም የተሰየመ ነው። ሕጉ ከኦክቶበር 2016 ጀምሮ ይሠራል። ሁለት ኩባንያ አንቀበልም ካላቸው ወይም አንድ ከሰረዛቸው ስቴቱ ያቋቋመው ሜሪላንድ አውቶ የሚባል ኢንሹራንስ አለ። ለዚሁ ተብሎ የተቋቋመ ነው።

በአንዱ ኖሮ በሌላው መሥራት ለእኛ የተለመደ ነው። የሜሪላንድ ነዋሪ ቨርጂኒያ ውስጥ ከተፈረደበት ቨርጂኒያ ለሜሪላንድ ታስታውቃለች። ዲሲም ቨርጂኒያም ሜሪላንድም ሪከርድ የሚለዋወጡበት ስምምነት አባል ናቸው። ከአንዱ ስቴት ሸሽቶ በሌላው አዲስ መንጃ ፈቃድ ማውጣትም አይቻልም፣ በአገር አቀፍ መዝገብ ላይ ይታያል። ከቨርጂኒያ ለቅቃችሁ ስትሄዱ ኤፍአር-44ን ዲኤምቪ ሳትጠይቁ አታቋርጡ።

እንጀራው በመሪ ለሆነ ሰው

ኡበርና ሊፍት ባለፉት 7 ዓመታት ውስጥ ጠጥቶ በመንዳት የተፈረደበትን ሰው አያሠሩም። ይህን ኢንሹራንስ ገዝቶ ማስተካከል አይቻልም። ሲዲኤል (የከባድና የንግድ መኪና መንጃ ፈቃድ) ያለው የጭነት መኪና ሹፌር፣ ጥፋቱን በግል መኪናው በእረፍት ቀኑ እንኳ ቢሠራው፣ ሲዲኤሉን ለአንድ ዓመት ያጣል። አደገኛ ዕቃ ጭኖ ከነበረ ሦስት ዓመት ነው። ሁለተኛ ጊዜ ከሆነ ዕድሜ ልክ። ስለዚህ ለሹፌር ትልቁ ውሳኔ የሚወሰነው ኢንሹራንስ ጋር ሳይደርስ፣ ፍርድ ቤት ውስጥ ነው። ጠበቃ ሳትይዙ «ጥፋተኛ ነኝ» አትበሉ። የጥፋቱ ስም ሲቀየር ኤፍአር-44 ራሱ ሊቀር ይችላል።

ዜጋ ላልሆነም እንዲሁ። የወንጀል ጠበቃ የምትሰጡት ቃል የመኖሪያ ፈቃዳችሁን እንዴት እንደሚነካ የማስረዳት ግዴታ አለበት። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2010 ወስኖታል። ሁለት ጊዜ መፈረድ በዜግነት ማመልከቻ ላይ ከባድ ጥያቄ ያመጣል። ጠይቁ፣ አትፈሩ።

ሦስቱ ዓመት ሲሞላ

የሦስቱን ዓመት ቀን በራሳችሁ አትቁጠሩ። ከተያዙበት ቀን የሚቆጥር አለ፣ ከፍርዱ ቀን የሚቆጥር አለ፣ መንጃ ፈቃድ ከተመለሰለት ቀን የሚቆጥርም አለ። አንድ ሳምንት አስቀድሞ ያቋረጠ ሰው ከመጀመሪያ ሊጀምር ይችላል። ዲኤምቪ ምን እንደሚጠበቅባችሁና እስከ መቼ እንደሆነ የሚገልጽ ወረቀት ይሰጣል። «ኮምፕላያንስ ሰመሪ» በሉት። ቀኑን ከዚያ ላይ አንብቡ፣ ፎቶ አንስታችሁ አስቀምጡ።

ቀኑ ሲያልፍ ክፍያው በራሱ አይወርድም። ኩባንያው ደውሎ «እንኳን ደስ ያለህ፣ ቀንሰንልሃል» አይልም። እናንተ ናችሁ የምትደውሉት። ኤፍአር-44 እንዲነሳ ጠይቁ። ሽፋኑን ወደ ታች ከማውረዳችሁ በፊት ግን ዋጋውን በሁለቱም መንገድ አስወጡ። ልዩነቱ ትንሽ ከሆነ 100/200/50ን አትልቀቁት። ከዚያ ያው ብሮከር ዘንድ ተመልሳችሁ እንደ አዲስ ዋጋ አውጡ። በሦስተኛው ዓመት አንዴ፣ በአምስተኛው አንዴ። ሦስት ዓመት ብቻ ወደ ኋላ የሚያይ ኩባንያ አምስት ዓመት ከሚያየው ቀድሞ ይቀበላችኋልና።